ፎርማት ሳታደርግ ለምታጸዳልን እህታችን፦ ምስጋናና ጥቆማ

«ቫይረስ ገብቶበታል» ብላችሁ ኮምፒውተራችሁን ይዛችሁ በሄዳችሁበት ሁሉ «ፎርማት ይደረግ» የሚል መልስ ብቻ ከሰለቻችሁ ይህን አንብቡ። በአያት ኮንዶሚኒየም አካባቢ ቤት ለቤት እየዞረች የቤት ኮምፒውተር የምታጸዳ አንዲት እህታችንን ለማመስገን፣ ለእናንተም ለመጠቆም ነው የጻፍነው። እኛ በኔትወርክና በሲስተም ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ነን፤ ስለዚህ ሥራዋን በደንብ አይተን ነው የምንመሰክረው፣ የጎረቤት ውዳሴ አይደለም። ስሟና ስልኳ እንዲለጠፍ ስላልፈለገች የሚያስፈልጋችሁ በውስጥ መስመር ጠይቁን።

የምናመሰግናት ከሁሉ በላይ ስለ አንድ ነገር ነው። ያልተፈለገው ፋይል በየት በኩል እንደገባ ሳታውቅና መግቢያውን ሳትዘጋ ሥራዋን ጨረስኩ አትልም። ፎርማት የሚደረገው አብዛኛውን ጊዜ ሲ ድራይቭ ብቻ ነው። ዲ ድራይቭ፣ መሳቢያ ውስጥ ያለው ፍላሽ፣ የስልኩ ሚሞሪ ካርድ እንዳሉ ይቀራሉ። ማታ ልጅ ፍላሹን ሲሰካ ነገሩ እንደገና ይጀምራል። አዲስ የተጫነው ዊንዶውስ በክራክ (ሳይገዙ በሕገወጥ መንገድ በሚከፍት ፕሮግራም) የተከፈተ ከሆነማ ቤቱን በጭቃ ውሃ እንደመወልወል ነው።

በብዛት የሚያጋጥማት ሁላችንም የምናውቀው የሾርትከት ቫይረስ ነው። ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ፍላሽ እንደተሰካ በራሱ ይነሳ የነበረው አውቶራን ስለተዘጋ፣ የቫይረስ ሠሪዎቹ መንገድ ቀየሩ፤ አሁን የእናንተን ጣት ይጠብቃሉ። ፍላሹ ላይ ያሉትን ፎልደሮች ይደብቁና በእነሱው ስም ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ አቋራጭ) ያስቀምጣሉ። ሾርትከቱን ስትጫኑ የተደበቀውን ስክሪፕት (ትእዛዞች የተጻፉበትን ትንሽ ፋይል) ያስነሳል፣ ወዲያው ደግሞ እውነተኛውን ፎልደር ይከፍትላችኋል፤ ፎልደሩ ስለተከፈተ ምንም የተፈጠረ አይመስላችሁም። ሌላው ዓይነት ፋይሎቹን ሁሉ ስም የሌለው በሚመስል አንድ ፎልደር ውስጥ ያጉራቸዋል። ሰው ባዶ ፍላሽ አየሁ ብሎ ይደነግጥና ፎርማት አድርጎ የመመረቂያ ጽሑፉን በገዛ እጁ ያጠፋል። እሷ መጀመሪያ የምታየው የፍላሹን ፕሮፐርቲስ ነው። የተያዘው ቦታ እንደ ድሮው ከሆነ ፋይሉ ተደብቋል እንጂ አልጠፋም።

ብዙ ጠጋኞች የሚስቱት ቅደም ተከተሉን ነው። ፍላሹን አስቀድሞ ማጽዳት ከንቱ ድካም ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሚሠራው ስክሪፕት በሴኮንዶች ውስጥ መልሶ ይበክለዋል። ስለዚህ ፍላሾቹ ሁሉ ይነቀላሉ፣ ከዚያ እየሠሩ ያሉትን ፕሮግራሞች የሚያሳየው ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ቤት ውስጥ ማንም የማያውቀው «ደብልዩስክሪፕት» የሚባል ፕሮግራም እየሠራ ከተገኘ ጥርጣሬው እዚያ ላይ ነው። ይቆማል፤ ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው የሚነሱት ፕሮግራሞች ዝርዝርና ሥራን በቀጠሮ የሚያስነሳው ታስክ ስኬጁለር ይፈተሻሉ። ስክሪፕቱን አጥፍቶ የሚቀሰቅሰውን ትእዛዝ መተው ሥራን በግማሽ መተው ነው።

ከዚያ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው አንቲቫይረስ፣ የዲፌንደር፣ ኦፍላይን ስካን ይከተላል። በዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን»፣ ቀጥሎ «ስካን ኦፕሽንስ» ስትገቡ ታገኙታላችሁ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳና ዊንዶውስ ሳይጀምር ፍተሻው ይካሄዳል፤ ቫይረሱ ገና ስላልተነሳ ራሱን መከላከል አይችልም። 15 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ይሁን፤ መብራት የሚሄድበት ሰዓት ከሆነ ዴስክቶፕ ላይ ባትጀምሩት ይሻላል።

ፍላሹ ተራው የሚደርሰው አሁን ነው። ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት፣ በኮማንድ ፕሮምፕት፣ «አትሪብ» የሚለው ትእዛዝ ይጻፋል፤ ኤች፣ አር እና ኤስ የሚሉት ፊደላት እያንዳንዳቸው ከፊታቸው የመቀነስ ምልክት ይዘው ይከተላሉ፤ ቀጥሎ የፍላሹ ፊደል ከሁለት ነጥብ፣ ከወደኋላ ስላሽና ከኮከብ ጋር፣ መጨረሻ ላይ ስላሽ ኤስና ስላሽ ዲ። መደበቂያው ይነሳል፣ ፎልደሮቹ ይታያሉ። ትእዛዙ የሚሰጠው በፍላሹ ፊደል ላይ ብቻ ነው፤ ሲ ላይ ከተሰጠ ዊንዶውስ ለራሱ ደህንነት የደበቃቸውን ፋይሎች ያጋልጣል። ሰነድ፣ ፎቶና ቪዲዮ ብቻ ወደ ኮምፒውተሩ ይገለበጣሉ፤ ሾርትከትና ስክሪፕት አይነኩም። ፎርማት የሚደረገው ያኔ ነው፣ እሱም ፍላሹ ብቻ። ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፊልም የምታስተላልፉበት ከሆነ ከፎርማት ዓይነቶቹ ኤክስፋትን ምረጡ፤ ፋት32 ከዚያ በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም።

ሌላው የምታደርገው ነገር የፋይል ቅጥያን (ከስሙ መጨረሻ፣ ከነጥብ በኋላ ያሉትን የፋይሉን ዓይነት የሚናገሩ ፊደላት) ማሳየት ነው፤ ዊንዶውስ ሲመጣ ደብቆት ነው የሚመጣው። በዊንዶውስ 11 ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ «ቪው»፣ ከዚያ «ሾው»፣ ከዚያ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ»። በዊንዶውስ 10 «ቪው» ስር ያለች ትንሽ ሳጥን ናት። ይህ ሲበራ ኤምፒ4 የተባለው ፊልም መጨረሻው ላይ የፕሮግራም ቅጥያ የሆኑትን ኢኤክስኢ ወይም ኤስሲአር ይዞ ብቅ ይላል። ፊልም በኤምፒ4፣ በኤምኬቪ ወይም በኤቪአይ እንጂ በኢኤክስኢ አያልቅም። የሾርትከት ቅጥያ ግን ይህን ብታበሩም አይታይም፤ ዊንዶውስ ሁልጊዜ ይደብቀዋል። እሱን የምትለዩት በምስሉ ጥግ ባለችው ትንሽ ቀስትና «ታይፕ» በሚለው ዓምድ ነው። መጠንም ይናገራል፦ የሁለት ሰዓት ፊልም 3 ሜጋባይት ከሆነ ፊልም አይደለም። «ይህን ኮዴክ ካልጫናችሁ አይታይም» የሚል ቪዲዮ ካጋጠማችሁ በቪኤልሲ ክፈቱት፤ ቪኤልሲም ካልከፈተው ይሰረዝ። የይለፍ ቃሉ አጠገቡ የተጻፈለት ዚፕም ያጠራጥራል፤ የተቆለፈበት ምክንያት ብዙ ጊዜ አንቲቫይረስ ውስጡን እንዳያይ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ስታስረዳ ነው በተለይ የወደድናት፤ ይህን የሚያውቁ ጠጋኞች ጥቂት ናቸው። ፋይል በብራውዘር ስታወርዱ ዊንዶውስ «ከኢንተርኔት የመጣ ነው» የሚል የማይታይ ምልክት ይለጥፍበታል። የዊንዶውስ ጠባቂ የሆነው ስማርትስክሪን ያንን ሰማያዊ ማስጠንቀቂያ የሚያወጣው ይህን ምልክት አይቶ ነው። ማይክሮሶፍት ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከኢንተርኔት በመጡ የዎርድና የኤክሴል ፋይሎች ላይ ማክሮ (በሰነድ ውስጥ ያለ ትንሽ ፕሮግራም) የሚዘጋውም በዚሁ ምልክት ነው። ምልክቱ የሚቀመጠው ግን እንደ ሲ ድራይቭ በኤንቲኤፍኤስ ዓይነት ፎርማት በተደረገ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ፋይሉ ወደ ፋት32 ወይም ኤክስፋት ፍላሽ ሲገለበጥ ምልክቱ ይጠፋል። እንግዲህ አስቡት፦ እኛ አገር ፋይል ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው በአብዛኛው በፍላሽ ነው። አንዱ ያወረደው፣ አሥረኛው እጅ ላይ ሲደርስ ማስጠንቀቂያ የለውም፤ ዊንዶውስ እዚሁ የተሠራ ፋይል ይመስለዋል። ኤክሴሉም ሲከፈት «ኢኔብል ኮንቴንት» የሚል ቢጫ መስመር ብቻ ያሳያል። እሱን አለመጫን ነው። ከፍላሽ የመጣን ማንኛውንም ፋይል ከመክፈት በፊት በቀኝ ተጭኖ በዲፌንደር ስካን ማድረግ ያስፈልጋል፤ ያንን ማስጠንቀቂያ ፍላሹ ሰርዞታልና።

ቴሌግራም ሌላው መግቢያ ነው። አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ስለሚቀበል የሶፍትዌርና የፊልም መጋዘን ሆኗል። በኮምፒውተሩ ቴሌግራም «ሴቲንግስ»፣ «አድቫንስድ» ገብታችሁ በግሩፕና በቻናል ፋይል በራሱ የሚወርድበትን አጥፉ። ዳታም ትቆጥባላችሁ። «አስክ ዳውንሎድ ፓዝ» የሚለውን ደግሞ አብሩት፤ ወዴት እንደሚወርድ ስለሚጠይቅ ሳታስቡት የሚወርድ ነገር አይኖርም።

ክራክን በተመለከተ አትለሳለስም፣ እኛም እንደዚሁ። «አንቲቫይረሱን መጀመሪያ አጥፋ» የሚል መመሪያ ያለው ፋይል ፍላጎቱን ራሱ ተናግሯል። ጉዳቱም አክቲቬት ካደረገ በኋላ አይቆምም። አብዛኛውን ጊዜ በዲፌንደር ውስጥ «እዚህ ፎልደር አትድረስ» የሚል ፈቃድ ትቶ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ አንቲቫይረሱ በርቶ፣ አረንጓዴ ምልክት እያሳየ፣ ያንን ፎልደር ግን አያይም። በ«ማኔጅ ሴቲንግስ» ስር ወደ ታች ስትወርዱ «ኤክስክሉዥንስ» የሚል አለ። እናንተ ያላስገባችሁት ነገር እዚያ ካለ አውጡት፤ በተለይ ሲ ድራይቭ በሙሉ ተጽፎ ካገኛችሁ ኮምፒውተሩ ያለ ጠባቂ ነው የቆየው። «ፖቴንሺያሊ አንዋንትድ አፕ ብሎኪንግ» የሚለውም ይብራ፤ ቫይረስ ባይሆንም ማስታወቂያና የብራውዘር ቱልባር የሚጭነውን ይከላከላል።

አንዳንድ ሰው ክራክ የሚያወርደው አማርኛ ለመጻፍ መሆኑ ያሳዝናል። ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ በ«ላንጉዌጅ» ስር ይጨመራል። አጻጻፉ ካልተመቻችሁ ኪማን የሚባለው የኪቦርድ ፕሮግራም ነጻ ነው፣ ከራሱ ገጽ ይወርዳል።

ቶረንት (ፋይልን ከብዙ ሰዎች ኮምፒውተር በቁራሽ በቁራሽ ማውረጃ) የምትጠቀሙ ደግሞ ኪውቢትቶረንት የሚባለውን ማውረጃ ፕሮግራም ከራሱ ገጽ አውርዱ። ማስታወቂያ የለውም፣ ኮዱም ክፍት ነው። በ2015 (እ.ኤ.አ.) ሌላው የቶረንት ፕሮግራም ዩቶረንት ኢፒክ ስኬል የሚባል የክሪፕቶ ፕሮግራም አብሮ እየጫነ ተጠቃሚዎች ብዙ ጮኸውበታል፤ ጫኚው ላይ «ኔክስት፣ ኔክስት» እያሉ ማለፍ የሚያመጣው ይህንን ነው። ኪውቢትቶረንት በ«ኦፕሽንስ»፣ «ዳውንሎድስ» ውስጥ የማይወርዱ የፋይል ስሞች ዝርዝር አለው። እሷ እዚያ ላይ ኮከብ፣ ነጥብ፣ ከዚያ ኢኤክስኢ ትጽፋለች፤ ለኤስሲአር፣ ለቪቢኤስ፣ ለባትና ለሾርትከት ቅጥያው ለኤልኤንኬም እንደዚሁ። ከፊልም ጋር ተደብቆ የመጣ፣ በእነዚህ ቅጥያዎች የሚያልቅ ፋይል ከዚያ በኋላ አይወርድም። «ቶረንት እኮ እያንዳንዷን ቁራሽ ያረጋግጣል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ያረጋግጣል፤ የሚያረጋግጠው ግን ፋይሉ የጫነው ሰው ካስቀመጠው ጋር አንድ መሆኑን ነው። ቫይረስ ከተጫነ ቫይረሱ ሳይጎድል ይደርሳችኋል። የሚወርድበት ፎልደር ከሰነዶቻችሁ ይለይ፤ የማጋራት ፍጥነቱም ይገደብ፣ ፓኬጃችሁን ይበላዋል።

ቤት ውስጥ በዋይፋይ ፎልደር የምታጋሩ ካላችሁ፣ የተጋራው «ሪድ ኦንሊ» (ለማንበብ ብቻ) ይሁን። «ዊንዶውስ ፊቸርስ» ውስጥ ኤስኤምቢ 1 (የድሮ የፋይል ማጋሪያ ፕሮቶኮል) በርቶ ከሆነ ይጥፋ፤ ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ በግንቦት 2009 ዓ.ም. (ሜይ 2017) ዓለምን ያዳረሰው በዚሁ አሮጌ ፕሮቶኮል ክፍተት ነው። ዋይፋዩን ከጎረቤት ጋር የምትጋሩ ከሆነ ኔትወርኩ «ፐብሊክ» ተብሎ ይመዝገብ።

ለልጆች ስታንዳርድ (እንደ አድሚን ሙሉ ሥልጣን የሌለው) አካውንት ትከፍታለች፤ የአድሚኑ ይለፍ ቃል ወላጅ ጋ ይቀራል። አንዳንድ ወላጅ ይህ የልጅ ጭቅጭቅ ያመጣል ይላል፤ ያመጣል፣ ግን ፕሮግራም ሲጫን የሚጠየቀው ወላጅ ይሆናል።

ኢንተርኔት በስልክ ሆትስፖት ለምትጠቀሙ አንድ ማስታወሻ፦ ኔትወርኩ «ሚተርድ» (ዳታው የሚቆጠርበት) ከተባለ ዲፌንደር የቫይረስ ዝርዝሩን በራሱ ላያድስ ይችላል። በየጊዜው «ቼክ ፎር አፕዴትስ» በእጅ ይጫኑ። ጭራሽ ኢንተርኔት ለሌለው ኮምፒውተር ማይክሮሶፍት ዝርዝሩን በአንድ ፋይል ለብቻው ያስቀምጣል፤ ሌላ ቦታ አውርዶ በንጹሕ ፍላሽ ማምጣት ይቻላል። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ፣ ኮምፒውተሩ የሚችል ከሆነ ወደ 11 ማለፍ ተገቢ ነው።

የተጠራጠራችሁትን አንድ ፋይል ቫይረስቶታል በሚባለው ድረ ገጽ ላይ መጫን ጥሩ ልማድ ነው፤ እስከ 650 ሜጋባይት ይቀበላል፣ በብዙ አንቲቫይረሶችም ያስፈትሻል። መታወቂያ፣ ውል፣ የባንክ ወረቀት ግን አትጫኑበት፤ የተጫነው ፋይል ለሌሎች የደህንነት ድርጅቶችም ይደርሳል።

አቅሟንም እንናገር። የተበላሸ ሃርድ ዲስክ አትከፍትም፣ በራንሰምዌር (ገንዘብ ለመጠየቅ ፋይል በሚቆልፍ ቫይረስ) የተቆለፈ ፋይልም እፈታለሁ አትልም፤ እፈታለሁ የሚሏችሁን ተጠንቀቁ። ኮምፒውተሩን ይዛ አትሄድም፣ ባለቤቱ አጠገቧ ካልተቀመጠ አትጀምርም። ጊዜ ይወስዳል፤ በአሥራ አምስት ደቂቃ ጨርሶ የሚሄድ ከፈለጋችሁ እሷ አይደለችም።

እጇ ይባረክ። ልትጠሯት ያሰባችሁ፦ በቤቱ ያለው ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ በሙሉ፣ ጎረቤት የተዋሰው ሳይቀር፣ አንድ ላይ ይሰብሰብ። የአድሚን ይለፍ ቃሉን አስታውሱ፣ ቻርጀሩ አጠገብ ይሁን፣ አስፈላጊ ሰነዶቻችሁ የት የት ፎልደር እንዳሉ ጻፉ። እስክትመጣ ድረስ የተጠረጠረውን ፍላሽ ሌላ ኮምፒውተር ላይ አትሰኩ፣ ፎርማትም አታድርጉ።