ለራስ መከላከያ የሚሆን ትንሽ ሽጉጥ፦ የትኛው ለማን ይሆናል?

አሜሪካ ውስጥ ሱቅ ያላቸው ወይም ሌሊት የሚሠሩ ወገኖቻችን ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። ልብስ ስር የማይታይ፣ ትንሽ፣ ጥሩ ሽጉጥ የትኛው ነው ይላሉ። ብዙ ሻጮች ከመደርደሪያው ላይ ከሁሉ ትንሹን አንስተው ያሳያሉ። ገዢዋ ሴት ከሆነችማ ሌላ አማራጭ እንኳ ሳይጠቅሱ። እኔ በዚህ ምክር አልስማማም።

ሽጉጥ ባነሰ ቁጥር ለመታጠቅ ይቀላል፣ ለመተኮስ ግን ይከብዳል። ቀላል ሽጉጥ ሲተኮስ ምቱን የሚያበርድ ክብደት የለውም፣ ስለዚህ ሁሉንም የሚቀበለው እጅ ነው። እጀታው አጭር ስለሆነ ትንሿ ጣት ማረፊያ ታጣለች። አፈሙዙ አጭር ስለሆነ የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያዎቹ ይቀራረባሉ፣ ትንሽ ስህተት ዒላማው ላይ ሲደርስ ትልቅ ይሆናል። ስፕሪንጉም ይጠነክራል። አቅም ያለው ጎልማሳ ሳይቀር አንዳንዱን ትንሽ ሽጉጥ ለማቀባበል ይቸገራል። ስለዚህ ከስፋትና ከዋጋ በፊት የሚጠየቀው ይሄ ነው፦ ያለ ሰው እርዳታ፣ አፈሙዙን ወደ ጎን ሳታዞሩ፣ ደጋግማችሁ ማቀባበል ትችላላችሁ ወይ?

አራቱ ተፎካካሪዎች

በፈረንጆች አቆጣጠር 2018 ሲግ ሳወር ፒ365ን ሲያወጣ ገበያው ተለወጠ። ከዚያ በፊት በዚህ መጠን ባለ 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚገባው 6፣ 7 ወይም 8 ጥይት ነበር። ፒ365 በዚያው ቁመት ካዝናው ውስጥ 10 ያዘ። ሌሎቹ ተከተሉ። በ2019 ግሎክ 43ኤክስ እና የስፕሪንግፊልድ ሄልካት መጡ። በ2021 ደግሞ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የቆየውን ሺልድ አሻሽሎ ሺልድ ፕላስ ብሎ አወጣው። አሁን አብዛኛው ገዢ የሚያመነታው በእነዚህ 4 መካከል ነው። ሁሉም ባዶ ሲሆኑ ከ500 እስከ 600 ግራም አካባቢ ይመዝናሉ።

ከአራቱ ለመደበቅ የሚቀሉት ፒ365 እና ሄልካት ናቸው። የፒ365 አፈሙዝ 3.1 ኢንች ነው፣ የሄልካት 3። ሄልካት በአጭሩ ካዝና 11፣ በረጅሙ 13 ይይዛል። ፒ365 ከ10ሩ ሌላ ባለ 12 እና ባለ 15 ካዝና አለው። በወረቀት ላይ ሄልካት በ1 ጥይት ይበልጣል። እኔ ግን ፒ365ን አስቀድማለሁ። ምላጩ ልስልስ ይላል፣ ምቱም ለእጅ ይቀላል። ሄልካት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ሲተኮስ ቁጡ ነው። ባለመቆለፊያ የሆነ ፒ365ም ስላለ በእጅ የሚቆለፍ ለሚመርጥ ሰው ይመቻል። አንድ ነገር እዚህ ላይ ይጥራ። «ምላጩ ሳይነካ ተኮሰ» ተብሎ ብዙ ክስ የቀረበበት ፒ320 ነው፣ ሌላ ሽጉጥ ነው። ኩባንያው ክሱን ያስተባብላል። ስማቸው ስለሚመሳሰል ግን ሰው ያምታታል።

ግሎክ 43ኤክስ ቀጭን ነው፣ እጀታው ግን ከፒ365 ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። እጁ ትልቅ ለሆነ ሰው ይህ ጥቅም ነው፣ ሙሉ እጅ ይይዛል። ጉዳቱም እዚያው አለ። ሸሚዝ ስር ጎልቶ የሚታየው ከአፈሙዙ ይልቅ እጀታው ነው። ጎንበስ ስትሉ ቅርጹ ብቅ ይላል። ግሎክ በእጅ የሚቆለፍ መቆለፊያም የለውም፣ መከላከያው ምላጩ ላይ ነው። ዝግጁ ሆኖ ወገብ ላይ ሻጥ የተደረገ ሽጉጥ ምላጩ ላይ ጨርቅ ወይም ጣት ከገባ ይተኩሳል። ስለዚህ ግሎክ የሚገዛ ሰው ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ ማህደር አብሮ ካልገዛ ባይገዛ ይሻላል። ይህ ለሌሎቹም ይሠራል፣ ለግሎክ ግን ግዴታ ነው።

ከአራቱ አንዱን ለጀማሪ ምረጥ ብባል ሺልድ ፕላስን እመርጣለሁ። ከአራቱ ከበድ የሚለው እሱ ነው፣ 570 ግራም ገደማ፣ ይህም ምቱን ያበርደዋል። ካዝናው 10 እና 13 ይይዛል። ባለመቆለፊያውም መቆለፊያ የሌለውም ይሸጣል። ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከፒ365 ዝቅ ይላል። ለመደበቅ ትንሽ ይከብዳል፣ ልዩነቱ ግን ጥሩ ቀበቶ ከታጠቁ የሚያስጨንቅ አይደለም።

እጃቸው ለደከመ

የጣት መገጣጠሚያ ሕመም ላለባቸው፣ ዕድሜያቸው ለገፋ፣ ወይም የእጅ ጉልበት ለሚያንሳቸው ከአራቱ አንዱንም አልመክርም። ለእነሱ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ ኢዚ አለ። በ2018 መጀመሪያ የወጣው በ380 ካሊበር ነው፣ 9 ሚሊ ሜትሩ በ2020 ተከተለ። ለማቀባበል ከዘመኑ ሽጉጦች ሁሉ ከቀላሎቹ አንዱ ነው። ካዝናው ጎን ላይ ጥይት ሲጎረስ የሚረዳ ትንሽ መያዣ አለው፣ ጣት አይላጥም። እጀታው ጀርባ ላይ ያለው መከላከያ በእጅ ካልተጨበጠ ሽጉጡ አይተኩስም። የሚይዘው 8 ጥይት ነው፣ ቁመቱም ከሌሎቹ ይበልጣል። የ380 ጥይት ከ9 ሚሊ ሜትሩ ጉልበቱ ያንሳል፣ ዋጋው ይወደዳል። ቢሆንም በትክክል የሚያነጣጥሩበት 380 ከሚፈሩት 9 ሚሊ ሜትር ይሻላል።

ያገለገለ ባለ 9 ሚሊ ሜትር ኢዚ ካገኛችሁ ግን ተጠንቀቁ። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት 2020 ከተመረቱት አንዳንዶቹ መዶሻቸው ላይ ችግር ስለነበር ፋብሪካው ራሱ እንዲመለሱ ጠርቷል። መለያ ቁጥሩን በኩባንያው ድረ ገጽ አረጋግጡ።

ሪቮልቨር እና የኪስ ሽጉጥ

ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 642 ባለ 5 ጥይት ሪቮልቨር ነው፣ ማለትም ጥይቱ በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚቀመጥ ሽጉጥ። ክብደቱ ከ400 ግራም ትንሽ ይበልጣል፣ መዶሻው ውስጥ የተደበቀ ስለሆነ ልብስ አይዝም። አይቀባበልም፣ ካዝና የለውም። ጥይት ቢከሽፍ ምላጩን ደግሞ መሳብ ብቻ ነው። ለዚህ ነው «ለሴት ሪቮልቨር» የሚባለው። ምላጩን ለመሳብ ግን ወደ 5 ኪሎ የሚጠጋ ጉልበት ይፈልጋል፣ የነሺልድ ፕላስ ምላጭ የሚፈልገው የዚህን ግማሽ ገደማ ነው። አፈሙዙ 2 ኢንች አይሞላም፣ ምቱ ደግሞ መዳፍ ያሳምማል። በ10 እርምጃ ርቀት በሪቮልቨር ደህና አድርጎ ለመምታት ብዙ ልምምድ ይጠይቃል። የሩገሩ ኤልሲአር ምላጩ ከ642 ይለሰልሳል፣ ሪቮልቨር ከወሰናችሁ እሱን ሞክሩ።

ሩገር ኤልሲፒ ማክስ የእውነት የኪስ ሽጉጥ ነው። 300 ግራም አይበልጥም ማለት ይቻላል፣ በ380 ካሊበር 10 ጥይት ይይዛል። በበጋ በቀጭን ልብስ ስር የሚጠፋው እሱ ነው። ልምድ ላለው ሰው ሁለተኛ ሽጉጥ ሊሆን ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ግን አይሆንም፣ በደንብ ለመተኮስ ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ወረቀቱን እወቁ

ይህ ክፍል ከሽጉጡ ምርጫ በላይ ያሳስበኛል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ መግዛት ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው፣ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ አይችልም። ከሱቅ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት አለባችሁ። የምትሞሉት ቅጽ 4473 ላይ የውሸት መልስ መስጠት የፌዴራል ወንጀል ነው። ቅጹ በሕግ የተከለከለ አነቃቂ ነገር ትጠቀማለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጫት አሜሪካ ውስጥ እዚህ ውስጥ ይገባል። የሚቅም ሰው ይህን ጥያቄ ቀለል አድርጎ አይለፈው።

ወረቀት ለሌለው የአጎት ልጅ በራስ ስም መግዛትም ወንጀል ነው። አገር ቤት ላለ ዘመድ ያለ ፈቃድ መላክም እንዲሁ። ዜጋ ላልሆነ ሰው ደግሞ የጦር መሣሪያ ጥፋተኝነት ከአገር ሊያስባርር ይችላል። እስሩ አልቆ ጣጣው አያልቅም።

የስቴቱ ሕግ ሌላ ነው። ቴክሳስና ጆርጂያ ለመግዛት ሕጋዊ የሆነ አዋቂ ያለ ፈቃድ ደብቆ እንዲይዝ ይፈቅዳሉ። ቨርጂኒያ ደብቆ ለመያዝ ፈቃድ ትጠይቃለች። ሜሪላንድና ዲሲ ፈቃድና ሥልጠና ይጠይቃሉ፣ የሌላ ስቴት ፈቃድም አይቀበሉም። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ኖሮ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሠራ ስንት ወገን አለ። የቨርጂኒያ ፈቃድ ይዞ፣ የጎረሰ ሽጉጥ ታጥቆ ድልድዩን ከተሻገረ ወንጀለኛ ይሆናል። ሜሪላንድ፣ ካሊፎርኒያ፣ ኒው ዮርክና ዋሽንግተን ስቴት ደግሞ ከ10 በላይ የሚይዝ ካዝና መሸጥ ስለከለከሉ የሄልካት 11 እና 13 እዚያ ምንም አይጠቅማችሁም።

ኡበርና ሊፍት የምትነዱ፣ ሁለቱም ኩባንያዎች በሥራ ላይ መሣሪያ መያዝ ይከለክላሉ። ፈቃድ ቢኖራችሁም አካውንታችሁ ሊዘጋ ይችላል። የኢሚግሬሽን ቢሮን በመሳሰሉ የፌዴራል ሕንጻዎች ውስጥ ይዞ መግባት አይቻልም። ቨርጂኒያ ውስጥ መጠጥ በሚሸጥ ሬስቶራንት ደብቆ የታጠቀ ሰው አንድ ቢራ እንኳ መጠጣት አይፈቀድለትም።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት

ብዙ የተኩስ መለማመጃዎች ሽጉጥ ያከራያሉ። ሺልድ ፕላስን፣ ፒ365ን እና ኢዚን በአንድ ቀን ተከራዩ፣ በእያንዳንዱ 50 ጥይት ተኩሱ። ከ5ኛው ካዝና በኋላ እጃችሁ ያልጠላውን ግዙ። የመጀመሪያዎቹ 5 ጥይቶች ምንም አይነግሯችሁም፣ ሁሉም ሰው ያኔ ደፋር ነው።

ከሽጉጡ ሌላ የሚወጣ አለ። ጥሩ ማህደር፣ ጠንካራ ቀበቶ፣ የሥልጠና ክፍያ፣ የልምምድ ጥይት። ለመታጠቅ ደግሞ ጫፉ የተቦረቦረው ሆሎ ፖይንት ያስፈልጋል፣ ዒላማውን አልፎ ከኋላ ያለ ንጹህ ሰው የመምታት ዕድሉ ያንሳል። ውድ ነው፣ ግን በሽጉጣችሁ ሳይነክስ መሥራቱን ለማየት አንድ ፓኮ መተኮስ አለባችሁ።

ቤታችሁ ልጅ ካለ፣ ወይም በጭንቀት ክፉኛ የተጎዳ ሰው ካለ፣ ገና አትግዙ። መጀመሪያ በጣት ቁጥር ወይም በቁልፍ የሚከፈት፣ ከአልጋ ወይም ከግድግዳ ጋር የሚታሰር የብረት ሳጥን ይግባ። ሻጩ ከሽጉጡ ጋር የሚሰጣችሁ የሽቦ ቁልፍ አለ፣ እሱ ብቻውን አይበቃም። ቁም ሣጥን ላይ፣ ፍራሽ ስር፣ የእጅ ቦርሳ ውስጥ የሚቀመጥ ሽጉጥ ልጆች ያገኙታል። ሁሌም ያገኙታል። የሳጥኑን ዋጋ ከሽጉጡ ዋጋ ጋር ደምራችሁ በጀታችሁን ያዙ። ካልበቃ ሽጉጡ ለሚቀጥለው ወር ይቆይ፣ ሳጥኑ ይቅደም።