ቮልስ ለቅዳሜና እሁድ፦ ቢሾፍቱ ደርሶ መልስ ምን ያህል ትታመናለች?

ቅዳሜ ጠዋት በቡድን ከአዲስ አበባ ለሚወጡ የድሮ መኪና ወዳጆች ቮልስ ዛሬም አንደኛ ምርጫ ነች። ሰይቼንቶ (ፊያት 600) ታምራለች፣ ዳገት ላይ ግን ታሳዝናለች። አሮጌ መርሴዲስ ይመቻል፣ ከተበላሸ ግን ጎታች መጥራት ነው። ቮልስ መንገድ ላይ ብትቆም አብዛኛውን ጊዜ በ21 ቁልፍ፣ በካቻቢቴና በፒንሳ ትነሳለች። አንድ ነገር ብቻ ይቅርታ አታውቅም፤ እሱም ሙቀት ነው።

መንገዱ በቃሊቲ፣ በአቃቂና በዱከም አድርጎ ቢሾፍቱ የሚገባው አሮጌው ነው፤ ርቀቱ ወደ 45 ኪሎ ሜትር። ከባድ መኪና ስለሚበዛበት በጠዋት መውጣት ይሻላል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ቢሾፍቱ ወደ 1,900 ሜትር ስለሆነ መሄዱ ቁልቁለት፣ እሁድ መመለሱ አቀበት ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተሩ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ 40 ፈረስ ጉልበት የሚባለው የ1300 ሞተር እዚህ ከ30 ብዙም አያልፍም። አራት ትልልቅ ሰው ጭኖ ዱከምን ሲያልፍ በአራተኛ ማርሽ ማስጨነቅ ስህተት ነው። ሦስተኛ ላይ መልሶ ሞተሩ በደንብ እንዲዞር መተው ይበጃል፤ ሞተሩን በአየር የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያም የሚዞረው በሞተሩ ፍጥነት ነውና። ሰልፉን ሁልጊዜ ደካማዋ መኪና ትምራ።

ማራገቢያውን የሚያዞረው ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ ነው፤ ዲናሞውን ደግሞ አንዲት ቺንጊያ። ስለዚህ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ሲበራ «ባትሪ አልሞላ አለ፣ ቤት ስደርስ አየዋለሁ» ማለት ሞተር መቅበር ነው። ቺንጊያዋ ተበጥሳ ከሆነ አየር ቆሟል። መጀመሪያ የሚጎዳው ሦስተኛው ሲሊንደር ነው፤ በአሮጌዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው አየር መንገዱ ላይ ቆሞ ስለሚጋርደው ድሮም ከሌሎቹ ይሞቃል። ጥግ ይዞ ወዲያው ማጥፋት ብቻ ነው መፍትሔው።

ቺንጊያ መቀየር አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የዲናሞው ፑሊ ለሁለት የሚከፈል ነው፤ ወደ ዲናሞው በኩል ያለው ግማሽ ጠርዙ ላይ ካቻቢቴ የሚገባበት ቁርጥ አለው። ካቻቢቴውን እዚያ ሰክቶ ዲናሞው ላይ ካለው ብሎን ጋር ማስደገፍ፣ ከዚያ የፑሊውን ዳዶ በ21 ቁልፍ መፍታት። በሁለቱ ግማሾች መሀል ስስ ቀለበቶች ይገኛሉ። ቺንጊያዋ ከላላች ከመሀል አንዱን አውጥቶ ከውጭ በኩል ከዳዶው ሥር ማኖር ነው፤ ከጠበቀች ደግሞ ወደ መሀል መመለስ። ቀለበቱን መጣል አያስፈልግም፣ ለሚቀጥለው ቺንጊያ ይፈለጋል። ልኩ በአውራ ጣት ሲጫኗት አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል መርገብ ነው። ከዚያ በላይ ማጥበቅ የዲናሞውን ኩሽኔታ ይበላል።

ሌላው የሙቀት ምንጭ ጋራዥ የሚሠራው ነው። ሞተር ሲወርድ ዙሪያውን የሚከብበውን ቆርቆሮና የጠርዙን ጎማ «ትርፍ ነው» ብሎ ሳይመልሱ መግጠም የተለመደ ነው። ትርፍ አይደለም። ከሥር የሚወጣው የጋለ አየር ወደ ላይ ተመልሶ በማራገቢያው እንዳይሳብ የሚከለክለው እሱ ነው። ከጉዞ በፊት የኋላ ኮፈኑን ከፍቶ ማየት፤ መሬቱ በክፍተት ከታየ የጎደለ ነገር አለ።

ከመነሳት በፊት የሚሠራው ብዙ አይደለም፣ ግን ሞተሩ ሌሊቱን ቆሞ ሲቀዘቅዝ ይሁን። የሚለካው ክፍተት ነው፦ ቫልቭ በአብዛኞቹ 0.15 ሚሊ ሜትር፣ ፑንቲና 0.4፣ ካንዴላ ከ0.6 እስከ 0.7። ዘይት 2.5 ሊትር ነው፣ ፊልትሮ የለውም፤ ከሥር ያለችው ወንፊት ብቻ ናት። ክዳኗን የሚይዙት ስድስት ትንንሽ ዳዶዎች ለስለስ ብለው ይጠበቁ። በሙሉ ክንድ ሲጠበቁ ክዳኗ ትጣመማለች፣ ዘይቱ ይንጠባጠባል፣ ቀጥሎ ጥርሱ ይላጫል። የቤንዚን ጎማው ሲጫኑት ከደረቀ ያለ ክርክር ይቀየር። ቮልስ ስትቃጠል ብዙ ጊዜ መነሻው እዚያ ነው፣ የጋለ ሞተር ላይ የሚንጠባጠብ ቤንዚን። እሳት ማጥፊያው ሞተሩ ጋ ሳይሆን ከሹፌሩ እጅ አጠገብ ይቀመጥ።

ጎሚስታ ጋ ሲደርሱ ዝም ከተባለ አራቱንም ጎማ 30 ፒ.ኤስ.አይ. ይሞላል። ሞተሩ ኋላ ስለሆነ የፊቱ ቀላል ነው፤ 18 አካባቢ ይበቃዋል፣ የኋላው 26 ወይም 27። ፊቱ ሲበዛ መሪው ይንሳፈፋል፣ የጎን ንፋስ ሲመጣም መኪናዋ መስመር ትለቃለች። ስኮርታውን ደግሞ ማየት ነው፦ በብዙዎቹ ላይ የመስታወት ማጠቢያው ውኃ የሚገፋው በስኮርታው አየር ነው። ቀጭኗ ቱቦ ካረጀች ስኮርታው በቀስታ ባዶ ይሆናል፤ የሚታወቀው ደግሞ ጎማ የፈነዳ ዕለት ነው።

የፍሪሲዮን ገመድ ቢበጠስ ጉዞው አያበቃም። ሞተሩን አጥፍቶ አንደኛ ማርሽ ማስገባትና በዚያው ማስነሳት፤ እየተንገጫገጨች ትሄዳለች። የነዳጅ ፔዳል ገመድ ከሆነ የተበጠሰው፣ የካርቡራተሩን የሚኒሞ ብሎን አጥብቆ ቀስ ብሎ መድረስ ይቻላል። ሁለቱንም ገመድ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ አስቀድሞ ይዞ መውጣት ግን የበለጠ ብልህነት ነው።

ጉድለቷም ይነገር። በ6 ቮልት የሚሠሩት የቀደሙት ሞዴሎች መብራታቸው ሻማ ነው፤ እሁድ ሳይመሽ መመለስ አለባቸው። ፍሬኑ በአብዛኞቹ አራቱም ጎማ ላይ ድራም ነው፣ ከዘመናዊ መኪና ኋላ ተጠግቶ መንዳት አይሞከርም። የኋላ ወንበር ላይ መግባትና መውጣት ጉልበት ይፈልጋል፤ ጃንሆይ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት በዚህች መኪና መወሰዳቸውን ለሚያስታውስ ሰው ጥበቷ ብቻውን አንድ ታሪክ ነው።

ለእንዲህ ያለ ጉዞ ቮልስ ሊገዛ ያሰበ ቀለሟን አይቶ አይደነቅ። ሞተሩን አጥፍቶ የታችኛውን ትልቁን ፑሊ በሁለት እጅ ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፋ፤ እጅ ላይ እምብዛም ከማይሰማ ጥቂት በቀር መንቀሳቀስ የለበትም። «ቋ» ካለ የሞተሩ ቤት አልቋል። ቀጥሎ የኋላ ወንበሩን ያንሳ፤ ባትሪው በቀኝ በኩል እዚያ ሥር ነው። አሲዱ ወለሉን በልቶት ከሆነ በካቻቢቴ ጫፍ ሲነኩት ይበሳል። የወንበሩ ሽቦም የባትሪውን ጫፍ እንዳይነካ ላዩ ላይ መሸፈኛ መኖሩን ይይ፤ ከሌለ የጎማ ምንጣፍ ቁራጭ ይበቃል።