ለሕፃናት ተንከባካቢ የትኛው የጆሮ መከላከያ ይሻላል? ስፖንጅ፣ ሲሊኮን ወይስ ጆሮ ላይ የሚደፋው?

ሐዋሳ በአንድ የሕፃናት ማቆያ መሥራት ከጀመርኩ 7 ዓመት ሆነኝ። የሚያለቅስ ልጅ የማቅፈው ሁልጊዜ በግራ ትከሻዬ ነው፤ አፉ ከጆሮዬ ስንዝር አይርቅም። ማታ ጋደም ስል ጭው የሚለውም ግራ ጆሮዬ ነው። የሥራ ባልደረቦቼም ይህንኑ ሲያወሩ ነው መከላከያ ማፈላለግ የጀመርነው።

"የልጅ ለቅሶ ደግሞ ምን ይጎዳል?" የሚለን ብዙ ነው። ይጎዳል። የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም ለ8 ሰዓት ሥራ ያስቀመጠው ጣሪያ 85 ዴሲቤል ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ያጥራል፦ 88 ከሆነ 4 ሰዓት፣ 100 ከሆነ 15 ደቂቃ ብቻ። ጆሮ ሥር የሚያለቅስ ሕፃን ደግሞ 100ን ሊያልፍ ይችላል። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም።

ካርቶኑ ላይ ኤንአርአር (NRR) ተብሎ የተጻፈውን ቁጥር፣ ማለትም መከላከያው ስንት ዴሲቤል እንደሚቀንስ የሚናገረውን፣ እንዳለ አትመኑት። ይኸው ተቋም ከስፖንጅ ግማሹን፣ ከሲሊኮን 70 በመቶውን፣ ከሚደፋው ሩቡን ቀንሱ ይላል። ስፖንጁ 33 ቢል በተግባር 16 ገደማ፣ ሲሊኮኑ 25 ቢል 8 እንኳ አይሞላም፤ የሚደፋው 25 ቢል ግን 19 ገደማ ይቀርለታል።

ስፖንጁ ከሁሉም ርካሽ ነው፤ የሴፍቲ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ አይጠፋም። ችግሩ አደራረጉ ላይ ነው። በጣት ጠቅልሎ ማቅጠን፣ በሌላው እጅ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ ስቦ ማስገባት፣ እስኪነፋ 20 ወይም 30 ሰከንድ ደግፎ መያዝ ያስፈልጋል። ሁለት ንጹሕ እጅ ይጠይቃል ማለት ነው። ዳይፐር እየቀየረች ያለች ሞግዚት ይህን ከየት ታመጣለች? ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ወለል ላይ ከወደቀ የሚድኸው ልጅ አንስቶ አፉ ውስጥ መክተቱ ነው፤ ሊያንቀው ይችላል። ማቆያ ውስጥ ባይገባ እመርጣለሁ።

ሲሊኮኑ፣ ያ ትንንሽ ጃንጥላ የተደራረበ የሚመስለው፣ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ ደጋግሞ ያገለግላል። 7 ወይም 8 ዴሲቤል ያንሳል አትበሉ፤ የጨዋታ ሰዓት ጫጫታ 88 ቢሆን ወደ 81 ያወርደዋል፣ የልጁ ጥሪም ይሰማል። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው ልጆቹ ከዝናቡ በላይ ይጮኻሉ፣ እኛም ከልጆቹ በላይ። እንዲህ ላለው ቀን ይበቃል። ባለ ገመዱን ግዙ፤ ገመዱን ግን ልጅ እንዳይጎትተው በጀርባ በኩል ልብስ ውስጥ አስገቡት።

ትከሻ ላይ ለሚያለቅስ ልጅ ምርጫዬ እንደ ሄድፎን ጆሮ ላይ የሚደፋው ነው። ከግድግዳ አውርጄ በአንድ እጅ አደርገዋለሁ፣ ልጁ ሲረጋጋ አወልቀዋለሁ። ለቅሶው ከ100 ወደ 80ዎቹ መጀመሪያ ይወርዳል እንጂ አይጠፋም፤ እኔም ትከሻዬ ስለማይሸማቀቅ ልጁን ረጋ ብዬ አባብለዋለሁ። የሐዋሳ ሙቀት ላይ ያልባል፣ ዋጋውም ከሁለቱ ይበልጣል። ሻሽ ወይም የመነጽር ዘንግ ሥሩ ከገባ ድምፅ ያሾልካል። አንድ ብቻ መግዛት ለሚችል ማቆያ ይህንኑ በጋራ ይግዛ እላለሁ።

ጥጥ መወተፍ ከጉዳት አያድንም። ድምፅ የሚያጠፋው ውድ ሄድፎን የተሠራው በይበልጥ እንደ ጄኔሬተር ላለ ወጥ ጉርምርምታ ስለሆነ ለድንገተኛ ጩኸት አይሆንም። ጆሮው የሚመግል ሰው ሐኪም ሳያየው የሚሰካ ነገር አይጠቀም። ሕፃናት ጆሮ ውስጥም ምንም አይሰካም፤ ለእነሱ የሚጠቅመው ሲሚንቶው ላይ ምንጣፍ፣ መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ፣ ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ነው።

የሚደፋውን ለመግዛት ስትሄዱ እንደ ሥራ ቀን ሻሻችሁን አስራችሁ ሂዱ። አንድ እጃችሁ ልጅ እንዳቀፈ አድርጋችሁ በሌላው ሞክሩት፤ ካልሆነላችሁ ሌላ አስወርዱ።