«በኛ ነው በፈረንጅ?» የፒያሳዋ አሮጌ መጽሐፍ ቤት

ጎንደር ፒያሳ ላይ ያገለገሉ መጻሕፍት የሚሸጡባትና የሚከራዩባት አንዲት ጠባብ ቤት አለች። በሯ ላይ ስም አልተጻፈም። ሦስት ወር ስለተመላለስኩባት ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ተመርቄ ቤት በተቀመጥኩበት ሰሞን ነው። ሥራ ማጣቱ ከብዶኛል፤ የባሰብኝ ግን «ቢገኝስ ከዚያ በኋላ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነበር። «ጋሼ፣ ስለ ስድሳዎቹ ወጣቶች የሚያወራ መጽሐፍ አለ?» አልኳቸው ባለቤቱን። «በኛ ነው በፈረንጅ?» አሉኝ። እኔ ያሰብኩት የኛዎቹን ተማሪዎች፣ መሬት ለአራሹን ነበር። «የፈረንጁን አስቀድሚ፣ የኛውን ከቤትሽም ትሰሚዋለሽ» ብለው ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሰጡኝ።

በፈረንጅ 1967፣ ማለትም በኛ የ1959 ክረምት፣ አሜሪካ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ፣ ሄይት አሽበሪ ወደሚባለው ሰፈር ስለጎረፉት ሂፒዎች፣ የወላጆቻቸውን አኗኗር ትተው ስለወጡት ወጣቶች ነው። ብዙዎቹ ጠግበው ያደጉ ልጆች ናቸው። የወላጆቻቸው ቤትና መኪና አልሞላላቸውም፣ ወንዶቹን ደግሞ የቬትናም ጦርነት ይጠብቃቸዋል። እዚያው ሰፈር ዲገርስ የሚባል ቡድን የመሠረቱት መናፈሻ ውስጥ ለመጣው ሁሉ ምግብ በነፃ ያድሉ ነበር። እዚህ ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። ያደግሁት በዓታ አካባቢ ነው፤ አቋቋም ሊማሩ ከሩቅ አገር በእግራቸው የመጡ፣ ደበሎ የለበሱ ልጆች በራችን ላይ ቆመው «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲሉ እናቴ እንጀራ አጥፋ ስትሰጣቸው እያየሁ ነው ያደግሁት። ቤት ጥሎ ፍለጋ መውጣትን እኔ አውቀዋለሁ ለካ!

ይህንን ለጋሼ ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉና «የቆሎ ተማሪ እኮ የኔታ አለው» አሉኝ።

ቤት ገብቼ የቀረውን ሌሊቱን ጨረስኩት። ሰፈሩ ተጨናነቀ፣ ዕፁና በሽታው በዛ፣ ማደሪያ ያጡት መንገድ ላይ ተኙ። በመጨረሻ እዚያው ሰፈር የነበሩት ራሳቸው «ሂፒ ሞተ» ብለው የሬሳ ሳጥን ተሸክመው ለምሳሌ ያህል ሂፒነትን ቀበሩት። ቀኑን ወደኛ ስቆጥረው መስከረም 25 ቀን 1960 ሆነ። የነሱ ሲቀበር የኛ ስድሳዎቹ ገና ሃያ አምስት ቀናቸው ነበር። ይህን ሳስብ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስለ ቤቷ ልመለስ። ለሳምንት ኪራይ 20 ብር ከፈልኩ፤ መታወቂያ ታስይዛላችሁ። የሚሸጠው ዋጋ ስለማይጻፍበት መከራከር ግድ ነው። መብራቱ ደካማ ነው፣ መጻሕፍቱም አልተለዩም፤ የጤና መጽሐፍ ከልቦለድ ጋር ተደራርቦ ታገኛላችሁ። በክረምት በር አካባቢ ያሉትን ገልጣችሁ እዩ፣ ዝናብ የነካቸው አሉ። ግን የምትፈልጉትን ሳታውቁት ብትሄዱ እንኳን፣ ቁጭ አድርገው ጠይቀው የሚሰጧችሁ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ መስተንግዶ ሌላ ቦታ አላገኘሁም።

አሁን የኛውን ስድሳዎቹን ተከራይቼ ይዣለሁ። የፈረንጁን የምትፈልጉ ከበሩ በስተግራ፣ ታችኛው መደዳ ላይ ነው። ሽፋን ስለሌለው እንዳታልፉት።