ወጣቶችን ለካምፕ የት ልውሰድ? ዘጌ፣ ጢስ ዓባይና ጎርጎራ ጎን ለጎን

የትምህርት ቤት ክበብ ወይም የሰፈር ልጆች ይዛችሁ ከባሕር ዳር ወጣ ብላችሁ በድንኳን ለማደር ካሰባችሁ፣ ሁሌ የሚነሱት ሦስት ስሞች ናቸው። ዘጌ፣ ጢስ ዓባይና ጎርጎራ። ሦስቱም ጋ ልጆች ይዤ አድሬያለሁ። ሰው ምክር ሲጠይቀኝ ስለ እይታው አልጀምርም፤ ሁሉም ያምራሉ። የምጠይቀው ሌላ ነው። ውሃው ከየት ይመጣል? ሽንት ቤት አለ ወይ? ማታ አንድ ልጅ ቢያመው በምን እናወጣዋለን?

ከዘጌ ልጀምር፤ ጫካ ከተባለ ጫካው እሱ ነው። ጣና ውስጥ የገባ ባሕረ ገብ መሬት ነው። ዋንዛውና ብርብራው ከላይ፣ ቡናው ከሥር። በቀትር እንኳ ፀሐዩ ተቆራርጦ ነው መሬት የሚደርሰው። ደኑ እስከ ዛሬ የቆየው በአጋጣሚ አይደለም። የአካባቢው ሰው እንደሚተርከው አቡነ በትረ ማርያም ወደዚህ ሲመጡ ሕዝቡ በሬ ሳይጠምድ፣ ከብት ሳያረባ እንዲኖር ቃል ተቀብለዋል፤ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ የበቀሉትም በእሳቸው በረከት ነው ይባላል። ትውፊቱን ያመነም ያላመነም ውጤቱን በዓይኑ ያያል። ማረሻ ያልገባበት መሬት ዛፉን አላጣም። ጣናና ዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ሲመዘገብ፣ ዘጌ ከዚያ በፊት ለዘመናት በራሱ ሕግ ሲጠበቅ ኖሯል። ለልጆች ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ባለፈው ዓመት አንዷ ልጅ ከቡናው ሥር ጎንበስ ብላ የረገፈውን ቅጠል በእጇ ገለጥ ገለጥ አደረገችው። ላዩ ደረቅ፣ ቀጥሎ ርጥብ፣ ከሥሩ ጥቁር አፈር። «የኛ ግቢ አፈር እንዲህ አይደለም» አለች። ያን ቀን ላስተምር ያሰብኩትን ሁሉ እሷ ጨረሰችው።

አገልግሎቱን በተመለከተ ግን እውነቱን ልንገራችሁ። እኛ የምናድረው አንድ ገበሬ ጓሮ ውስጥ ነው። ሽንት ቤቱ የጉድጓድ ነው፤ 22 ልጅ ሲሰለፍ ጠዋቱ ይረዝማል። የሚጠጣ ውሃ ከከተማ ይዘን እንሄዳለን፤ ለመጠጥና ለማብሰያ ለአንድ ልጅ በቀን 5 ሊትር እንይዛለን። የሚነደውን ከሰልም ይዘን ነው የምንሄደው፤ ከደኑ አንድ ጭራሮ እንዳይነሳ ቀድሜ እነግራለሁ። ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት ለቀበሌውና ለቤተ ክርስቲያኑ አሳውቁ። ከገዳማቱ ቅጥር ውስጥ ድንኳን አይተከልም። ዳቦውን ደግሞ ከጦጣ ደብቁ፤ ዚፕ መክፈት ያውቁበታል።

ሁለት ነገር ላይ አልደራደርም። አንዱ ሐይቁ ውስጥ መዋኘት ነው። የጣና ዳር፣ የዘጌም ጭምር፣ ቢልሃርዚያ ያለበት ነው። ተሐዋሲው ከውሃ ቀንድ አውጣ ይወጣና በቆዳ በኩል ይገባል፤ ውሃውን መጠጣት አያስፈልገውም፣ እግር መንከር ይበቃዋል። ስለዚህ ልጆቹ ሐይቁን በዓይናቸው ይዋኙት። ማታ ደግሞ ጉማሬ ሣር ለመጋጥ ወደ ዳር ይወጣል፤ ድንኳኑ ከውሃው ይራቅ። ሁለተኛው ጀልባው ነው። ከባሕር ዳር ዘጌ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ጠዋት ሐይቁ መስታወት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል። አንድ ጊዜ ባለጀልባው 10 ላይፍ ጃኬት ይዞ 26 ሰው ልጫን አለ። አስወረድኳቸው። ልጆቹ አኮረፉ፣ ሁለት ሰዓት አስፋልት ዳር ቆምን፣ ሌላ ጀልባ ተገኘ። ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ። ላይፍ ጃኬቱን ከመክፈላችሁ በፊት ቁጠሩት።

ሴቶች ልጆች ካሉ ደግሞ ዘጌ ይሻላል። እዚያው ያሉት ገዳማት ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ለሁሉም ክፍት ናቸው፤ በግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አብረው ያያሉ። የደሴት ገዳማቱን ክብራን ገብርኤልንና ዳጋ እስጢፋኖስን ፕሮግራም ውስጥ ካስገባችሁ ግን ሴት ስለማይገባባቸው ግማሹ ልጅ ጀልባ ላይ ይቀራል። ይህን ሳያስቡ ወስደው ልጆቹን ያስከፉ ሰዎች አይቻለሁ።

ጢስ ዓባይ ቅርብ ነው፤ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። በመኪና ስለሚገባ ልጅ ቢታመም ከሦስቱ ፈጥኖ ሐኪም ጋ የሚደረሰው ከዚህ ነው። ይህ ትልቅ ነጥብ ነው። ታሪኩም በእግር ይታያል። ሰው ፖርቱጋል ድልድይ የሚለው የ17ኛው ክፍለ ዘመን የድንጋይ ድልድይ እስከ ዛሬ ሰውና አህያ ያሻግራል። ፏፏቴው 45 ሜትር ያህል ይወርዳል። ግን ወሩን አስቡበት። ውሃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚከፈል በበጋ ቀጭን ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ በመስከረምና በጥቅምት ካልሆነ ልጆቹ ፎቶ ላይ ያዩትን ላያገኙት ይችላሉ። በዚያው ወራት ደግሞ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ገደሉ ያዳልጣል፣ ወባውም የሚበረታው ያኔ ነው። የአጎበር ነገር እንዳትረሱ። እኔ ጢስ ዓባይን ለቀን ጉዞ እመርጠዋለሁ። ለማደር አልወደድኩትም፤ ጥላ ትንሽ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔ ገደሉ ላይ ነበር።

ጎርጎራ በታሪክ ሁለቱንም ይበልጣል። አፄ ሱስንዮስ መናገሻቸው ያደረጉት አገር ነው፤ የግንቡ ፍርስራሽ ሐይቁ ዳር አለ፣ ደብረ ሲና ማርያምም ጥንታዊ ሥዕሏን ይዛ ቆማለች። በገበታ ለሀገር የተሠራው ሪዞርት ደግሞ የአካባቢውን ስም አንስቶታል፤ የተማሪ ኪስ ግን አይደለም። ችግሩ ርቀቱ ነው። በጎንደር በኩል ዞሮ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ለሁለት ሌሊት መሄድ አይረባም፤ አንዱ ቀን መኪና ውስጥ ያልቃል። አራት ቀን ካላችሁና ልጆቹ ከፍ ያሉ ከሆኑ ይሂዱ።

ልጆቹ ከ12 ዓመት በታች ከሆኑ፣ ወይም ከቤታቸው ወጥተው አድረው የማያውቁ ከሆነ፣ ሦስቱንም ተዉትና በባሕር ዳር ከተማ ሐይቁ ዳር ካሉት ሎጆች አንዱን ግቢ ለአንድ ሌሊት ጠይቁ። ሻወር አለ፣ ጥበቃ አለ፣ ወላጅም አይጨነቅም። ጫካ አይደለም፤ ግን ድንኳን መትከልን፣ ተራ ገብቶ ሽሮ መሥራትን እዚያ ይለማመዳሉ። ከዚያ በቀጣዩ ዓመት ዘጌ።

ለዘጌ የምመርጠው ታኅሣሥንና ጥርን ነው። ጭቃው ደርቋል፣ ቡናው እየተለቀመ ነው፣ ባለቤቱ ከፈቀደ ልጆቹ ያግዛሉ። ሌሊቱ ይበርዳል፤ ስስ ብርድ ልብስ ይዞ የመጣ ልጅ ሁሌ አንድ አይጠፋም፣ ሁለት ትርፍ ያዙ። በሶ ያዙ። ሌሊት የሚርበው ልጅ ምጣድ እስኪሰማ አይጠብቅም፣ በሶ ግን በአንድ ኩባያ ውሃ ያልቃል።

የትኛውንም ብትመርጡ ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ቀን እዚያው ለሚኖር ሰው ደውሉ። «መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ጠዋት ደግሞ ድጋሚ ጠይቁ። «ቆዩ» ካላችሁ ቆዩ። እኛ ሁለት ጊዜ ጀሪካኑ ሁሉ ከተሞላ በኋላ ቀርተናል። ልጆቹ ድንኳኑን ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ተክለው እዚያው አደሩ።