የቪትዜ ቤዝ ከ8 ወር በኋላ፦ ከ1 ኦም ወደ 4 ኦም

ቪትዜ ላይ ቤዝ ያስገባሁት ጥቅምት ላይ ነው። ሁለት ባለ 12 ኢንች ሳብዉፈር (የወፍራም ድምፅ ስፒከር) በአንድ ሣጥን፣ ከባለ አንድ ቻናል አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ጋር። አሁን ሰኔ ገብቷል። ማርካቸውን አልጠራም፤ ያሰቃየኝ ማርካው ሳይሆን የሽቦው አያያዝና ከእሱ የሚመጣው ኦም (ስፒከሮቹ ለከረንት የሚያሳዩት ተቃውሞ) ነው።

የገጠመልኝ ልጅ እጁ ፈጣን ነው። ፊውዙን ባትሪው አጠገብ አደረገ፣ ነጌቲቩን የሚያስርበትን ቦታ ቀለሙን ፍቆ አሰረ። እስከዚህ ምንም አይወጣለትም። "ኦሙን አውርጄልሃለሁ፣ አሁን ነው የሚጮኸው" አለኝ። እውነትም ጮኸ። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ለየኝ።

በሁለተኛው ሳምንት መገናኛ ላይ መንገድ ተዘጋግቶ ቆሜ ሳለ ድምፁ ድርግም አለ። አምፑ ላይ ቀይ መብራት በርቷል። ብነካው እንደ ምጣድ ያቃጥላል። ሲቀዘቅዝ ይነሳል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጠፋል። ልጁ "ዲናሞህ ደክሟል" አለኝ። ዲናሞ ልቀይር ምንም አልቀረኝም ነበር።

ደግነቱ የአምፑን ማንዋል አልጣልኩትም። በ4 ኦም 350 ዋት፣ በ2 ኦም 600 ዋት፣ ከ2 ኦም በታች አይገጠምም ይላል። የኔ ሳብዉፈሮች ደግሞ እያንዳንዳቸው ባለ 4 ኦም ሁለት ኮይል (ስፒከሩን የሚያንቀሳቅስ የሽቦ ጥቅል) አላቸው፤ በድምሩ አራት። ልጁ ፖዘቲቩን ሁሉ ከፖዘቲቭ፣ ነጌቲቩን ሁሉ ከነጌቲቭ አስሮታል። 4 ኦም ለ4 ኮይል ሲካፈል 1 ኦም። ኦሙ ሲያንስ ከአምፑ የሚሳበው ከረንት ይበዛል፣ ሙቀቱ ከዚያ ነው። ዲናሞዬን በከንቱ ጠረጠርኩት።

አንድ ምሽት ሙሉ ወረቀት ላይ ስስል አመሸሁ። ሁለቱ ሳብዉፈሮች እኩል እንዲሠሩ ከተፈለገ የሚወጣው ወይ 1፣ ወይ 4፣ ወይ 16 ነው። 2 የሚባል ነገር የለም። ለካ ስገዛ ባለ 2 ኦም ኮይል ብወስድ ኖሮ ልክ 2 ላይ ያርፍልኝ ነበር። ማን ነግሮኝ!

4ን መረጥኩ። በየሳብዉፈሩ የአንዱን ኮይል ነጌቲቭ ከሌላው ፖዘቲቭ ጋር አገናኘሁ፣ 8 ሆነ። ሁለቱን 8 ጎን ለጎን አሰርኩ፣ 4 ሆነ። መጀመሪያ ላይ የአንዱን ሳብዉፈር ኮይሎች አገለባብጬ አስሬ ስለነበር እርስ በርስ ተጠፋፍተው ድምፅ አልወጣውም። ተበላሸ ብዬ ላቤ መጣ።

ቴስተር ያለው ሰው ከአምፑ ጋር ከማያያዙ በፊት ይለካ። 4 የተባለው ኮይል ሲለካ 3.5 አካባቢ ቢያሳይ አይደንግጥ፣ ጤነኛ ነው። ርካሽ ቴስተር ግን የራሱ ሽቦ ጥቂት ነጥብ ይጨምራል። ሁለቱን ጫፎች አነካክቶ የሚያሳየውን መቀነስ ነው። የልጁን አያያዝ ስለካ 1.2 አለኝ፤ የቴስተሩ 0.3 ሲቀነስ 0.9።

ድምፁ ቀነሰ ወይ? ከ1 ኦሙ ጩኸት ጋር ሲነጻጸር አዎ፣ ትንሽ። ግን ማንዋሉ ከሚፈቅደው 600 ዋት ጋር ያለው ልዩነት 2.3 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ነው፤ ድምፅ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ወደ 10 ዴሲቤል ያስፈልጋል። ቀይ መብራቱን ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። አምፑ ለብ ይላል እንጂ አያቃጥልም።

የካቲት ላይ ቤዙ በግማሽ ቀነሰብኝ። የሰፈራችን ኮብልስቶን አንዷን ሽቦ አላቅቋታል። ኮይሎቹ በተከታታይ ስለታሰሩ ያ ሳብዉፈር ሙሉ በሙሉ ዝም አለ፣ አምፑም 8 ኦም አግኝቶ ምንም ሳይሆን ቀጠለ። ሽቦዋን አጥብቄ ተገላገልኩ።

አሁንም የሚያናድደኝ አለ። ማታ ቆሜ ድምፅ ስጨምር የፊት መብራቱ ከቤዙ እኩል ይርገበገባል። በ350 ዋት እንኳ አምፑ ወደ 30 አምፔር ይስባል፣ ለትንሽ መኪና ቀላል አይደለም። ታርጋው ይንጫጫ ነበር፣ ከኋላው ስፖንጅ ለጠፍኩበት። የዕቃ ቦታ ግን የለኝም። ባለፈው የጤፉ ኬሻ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ መጣ፣ እናቴ ደግሞ ከጎኑ።