የቀበሌያችን ሸማቾች ሱቅ፦ ጤፉ ያስመሰግናል፣ የዘይቱ ሰልፍ ያሳዝናል

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። የቀበሌያችን የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ከሆንኩ ስድስት ዓመት አልፎኛል።

በመጀመሪያ ጤፉን ላመስግን። ማኅበሩ ከምንጃር ገበሬዎች በቀጥታ ስለሚያመጣ ነጩም ሰርገኛውም ንጹሕ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሻጯ የጆንያውን አፍ ፈትታ «መምህር፣ ዘግነው ይዩት» አለችኝ። አንድ እፍኝ ዘግኜ እፍ አልኩበት፤ ገለባም አሸዋም የለውም። የገዛሁትን ሃያ አምስት ኪሎ ወፍጮ ቤት ወስጄ እንደገና አስመዘንኩት፤ ምንም አልጎደለም። ዋጋው ከገበያው በኪሎ ስምንት ብር ያንሳል። ደግሞም ሱቁ ጤፍ ባለቀበት ሳምንት በአካባቢው ያሉት እህል ነጋዴዎች ዋጋ ይጨምራሉ፣ ጭነት ሲገባ መልሰው ይቀንሳሉ። ቀንሱ ብሎ ያዘዛቸው የለም።

ዘይቱና ስኳሩ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። በተተመነ ዋጋ ስለሚሸጡ በመጡበት ዕለት ያልቃሉ። ባለፈው ወር በዚያ ውርጭ ጋቢ ተከናንበን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ቆምን። ከፊቴ የነበሩት እናት ገንዘባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘዋል። አራት ሰዓት ላይ ተራቸው ሲደርስ «አልቋል» ተባሉ። ቋጠሮውን ሳይፈቱ ተመለሱ። በማግሥቱ ያንኑ ባለ አምስት ሊትር ዘይት ከሱቁ ጥቂት እርምጃ ርቆ በውድ ሲሸጥ አየሁት።

ኢኮኖሚስቱ ፍሬድሪክ ሃየክ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው ጽሑፉ፣ ዋጋ ምን እንዳነሰና ምን እንደተትረፈረፈ ለሁሉም የሚያደርስ መልእክተኛ መሆኑን አስረድቷል። መልእክተኛው ሲታሰር ሰልፍ ይተካዋል። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በዘይት፣ በስኳርና በሌሎችም ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ሲያወጣ ዕቃው ከመደርደሪያ ጠፋ፤ ከወራት በኋላም አብዛኛው ጣሪያ ተነሣ። የጅሩ ገበሬ የነበረው አባቴ ደግሞ በደርግ ዘመን ለመንግሥት በተተመነ ዋጋ እንዲያስረክብ የተጣለበት የእህል ኮታ አልሞላ ሲለው ስንዴ ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረከበበትን ዓመት እስከ ዛሬ ያነሣዋል።

ቢሆንም «ሱቁ ይዘጋ፣ ገበያው ይበቃል» ከሚሉ ባልደረቦቼ ጋር አልስማማም። ሕንዳዊው ኢኮኖሚስት አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት፣ በወሎ ረሃብ ወቅት እህል ከወሎ ወደ ሌላ አካባቢ ይጫን እንደነበርና የደሴ ዋጋም ያን ያህል እንዳልናረ አመልክቷል። ገበሬው ምርቱን አጥቶ መግዣም አልነበረውም፤ ዋጋ ደግሞ የሚናገረው ገንዘብ ለያዘ ሰው ነው። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ በእኛው ከተማ ያልፋል፤ ክፍል ውስጥ ይህን ባነሣሁ ቁጥር ድምፄ ይለወጣል።

ስለዚህ ማኅበሩን የምለምነው በዘይትም እንደ ጤፉ እንዲያደርግ ነው። ለገበያው በቀረበ ዋጋ ሁልጊዜ ያቅርብ፤ ልዩ ቅናሹ በደብተር ተመዝግቦ አቅም ለሌላቸው፣ እንደ እኒያ እናት ላሉት ይሰጥ። ደመወዝ የምበላው እኔ የእሳቸውን ድርሻ ልሻማ አይገባም።

ጤፍ ፈላጊ ቅዳሜ ከሦስት ሰዓት በፊት ይሂድ። ጆንያና የአባልነት ደብተር መያዝ ያስፈልጋል።